የወይን ጠጁ ክፍልና የአባዬ አቡጀዲ

እኔ ቶሎ የምናደድ፣ ቶሎ የምስቅ፣ ሲበዛ ደግሞ ችኩል ሰው ነኝ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ይቺ ልጅ ሻይ ሳይፈላ የምትቀዳ ናት» ትለኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የማወራላችሁ ነገር በሙሉ የተንጠለጠለው አንዲት ረቡዕ ላይ ለትንሽ ጊዜ አርፌ በመቀመጤ ስለሆነ ነው። ያቺን ረቡዕ ባሰብኩ ቁጥር መጀመሪያ ከአፌ የሚወጣው «አልሐምዱሊላህ» ነው።

ልጅነቴ ያለፈው ደሴ ፒያሳ፣ አባቴ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው። አያታችን ከየመን ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ ከወሎ አግብተው፣ ደሴ ላይ ጨርቅ የዘረጉ ሰው ናቸው፤ አባዬም ከዚያው ጨርቅ ላይ አልተነሱም። ሲሸጡ አንድ ደንብ ነበራቸው። ገዢው የወደደውን ጣቃ በሱቁ መብራት አይሸጡለትም። ተሸክመው ወደ በሩ ያወጡትና፣ ጨርቁን ከማየታቸው በፊት ትከሻቸው ላይ ያለችውን ነጭ ፎጣ ዘርግተው እሷን ያያሉ። ገዢውንም «መጀመሪያ ይችን እይ» ይሉታል። ምክንያቱን ለጠየቃቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ዓይን ይጠግባል፤ የጠገበ ዓይን ደግሞ ይዋሻል። ቀይ ሲያገላብጥ የቆየ ሰው ሌላውን ቀለም ልክ አያየውም። እስኪያርፍ ጠብቀው።»

ጨርቁ ካለፈ በአውራ ጣታቸው አሸት ያደርጉትና ወደ እኔ ዞረው «ጠቅልይለት» ይላሉ። ጠቅላይዋ እኔ ነበርኩ። ስንቱን የሙሽራ ጨርቅ በነዚህ እጆቼ ጠቅልያለሁ። ያልወደዱት ጨርቅ ሲሆን ግን ገዢው ቢለምናቸውም ያቺን ቃል አይናገሯትም፤ ጣቃውን መልሰው ይደረድሩታል።

ኑሩን ሳገባ ከሱቁ ወጣሁ። ኑሩ ስለ ተክል የተማረ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የአጎቱ የነበረ አሮጌ መጋዘን ነበረና፣ እሱን አጽድተን መስኮቱን ሁሉ ደፍነን፣ በመደርደሪያ ላይ በኤል ኢ ዲ መብራት ብቻ ሰላጣ ማብቀል ጀመርን። ሰላጣው ሆቴሎች ዘንድ ተወደደልን። አባዬ ግን ከፋቸው። «ፀሐይን አላህ በነጻ ሰጥቶ፣ የኔ ልጅ ቤት ዘግታ በአምፖል ታርሳለች» እያሉ ለሰው ያወሩ ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ወርደው አላዩንም። ስደውል ዱዓ ያደርጉልኛል፣ ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ ስለ ሥራው አያነሱም። ያ ዝምታ ይጠዘጥዘኝ ነበር።

ስለ መብራቱ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። አምፖሎቻችን ቀይና ሰማያዊ ናቸው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክፍሉ በሙሉ ወይን ጠጅ ይሆናል። «አረንጓዴ ለምን የለበትም?» ብዬ ኑሩን ጠይቄው ነበር።

«ተክል የሚበላው ቀዩንና ሰማያዊውን ነው» አለኝ። «አረንጓዴውን መልሶ ይተፋዋል፤ ለዚህ ነው አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን። ለሚተፋው ነገር ምን አደከመን?»

እውነት መሰለኝ። በዚያ ብርሃን ውስጥ ቅጠል አረንጓዴ አይደለም፣ ወደ ጥቁር የሚወስደው ነው። ቆይታችሁ ስትወጡ ደግሞ ዓለሙ ሁሉ አረንጓዴ ይሆንባችኋል። ነጩ ግድግዳ አረንጓዴ፣ የቆመው መኪና አረንጓዴ፣ የባሌ ጥርስ ሳይቀር አረንጓዴ። ኑሩ በወጣን ቁጥር «ዛሬም ኮምቦልቻ ለመለመች» እያለ ይቀልዳል። እኔም እስቃለሁ። የአባዬ ልጅ ሆኜ ያን ነገር ቀልድ ብቻ አድርጌ ማለፌ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ ሼህ ይመር መጡ። ሼህ ይመር ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ሐርቡ ላይ በመስኖ የሚያርሱ አዛውንት ናቸው። ባለፈው ወቅት ነጭ ዝንብ ያመጣችው በሽታ የቲማቲም ችግኛቸውን ገና መደብ ላይ እያለ አጨማድዶ ጨርሶባቸው ነበር። እኛ ዘንድ ዝንብ እንደማይገባ ሰምተው የማሳቸውን ችግኝ በሙሉ እንድናበቅልላቸው ጠየቁን። የመጀመሪያው የቲማቲም ሥራችን ነበር።

ሐርቡ ላይ ውሃ በተራ ነው። ተራህ ሲደርስ ማሳህ ካልተዘጋጀ ውሃው አንተን አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ እንደገና እስኪደርስህ አፈሩም ይደርቃል፣ ሰውም ይበተናል። የሼህ ይመር ተራ ሐሙስ ነበር። ወንፈል ጠርተው፣ ቦዩን ከፍተው፣ ለሚተክለው ሰው ምሳ አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ችግኙ ከኛ የሚነሳው ረቡዕ ጠዋት ነው።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጀምረን ከክፍሉ ትሪ ስናወጣ አረፈድን። አይሱዙው በሩ ላይ ቆሟል። እኔ እንደ ልማዴ፣ ከሱቅ የቀረኝ ነገር ነውና፣ አንዱን ትሪ ይዤ ፀሐይ ወዳለበት ወጣሁና አየሁት። ወላሂ፣ እንዲያ ያለ አረንጓዴ አይቼ አላውቅም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «ይጫን» አልኩ።

የመጨረሻዎቹ ትሪዎች ሲቀሩ፣ ያለ አባዬ ምርቃት ዕቃ መላክ አልሆንልሽ አለኝና በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩላቸው። እኛ ቤት ጉዞም ሆነ ንግድ የሚጀመረው በዱዓ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም አባዬ። የመጀመሪያው ችግኛችን ሊነሳ ነው። ዱዓ ያድርጉልኝ ብዬ ነው።»

ስለ ሥራው ስናወራ የመጀመሪያችን ነበር። ድምፃቸው ለሰለሰ። «ወአለይኩም ሰላም ሐያቴ። አላህ በረካ ያድርግበት። የሚያበላ፣ የሚያጠግብ፣ ሰውን የማያሳዝን ያድርገው።» አሚን አሚን እያልኩ ሳለ፣ ጣቃ ልሸጥ የሄድኩ ይመስል፣ «ደጅ አውጥተሽ አየሽው?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«ዓይንሽን አሳርፈሽ?»

እጄ ላይ ያለውን ስልክ ሳየው አረንጓዴ ነው። በረንዳውን ሳይ አረንጓዴ ነው። የኑሩ ቀልድ ትዝ አለኝ።

«አባዬ፣ መልሼ ልደውልልዎት» አልኩና ዘጋሁት።

የለበስኩትን ነጭ ጋዋን አውልቄ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። እሱን ብቻ እያየሁ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ኑሩ «ሐያት፣ ሰዓት ሄደ እኮ» ይላል። እኔ፣ ሻይ ሳይፈላ የምቀዳዋ፣ ዓይኔን ከጋዋኑ ላይ አልነቀልኩም። መጀመሪያ ጋዋኑ ራሱ አረንጓዴ ነበር። ቀስ እያለ ደበዘዘ። በመጨረሻ ነጭ ሆነ፣ የታጠበ የታጠበ ነጭ። ያኔ ትሪውን ወደ ራሴ ሳብኩት።

ቅጠሉ ዥንጉርጉር ነበር። አረንጓዴው ላይ ገርጣ ያለ ቢጫ እዚህም እዚያም ተነጥቦበታል፤ ዳር ዳሩም ሸብሸብ ብሏል። ሌላ ትሪ አነሳሁ፣ ያው ነው። ሌላም፣ ያው። ክፍሉ ውስጥ እያለን አንዳንዱ ቅጠል ላይ ቀላ ያለ ነገር አይተን የመብራቱ ነጸብራቅ ነው ብለን ነበር። ነጸብራቅ አልነበረም፤ ቢጫው በዚያ ብርሃን ቀልቶ ነው የታየን።

«ኑሩ፣ አስወርድ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ታሟል።»

ትሪውን ተቀብሎኝ አገላበጠው። «ምን ሆነሻል አንቺ? እንደ ሐር ነው የሚያበራው። ፈርተሽ ነው።»

«አሁን ነው ከክፍሉ የወጣኸው። ዓይንህ ጠግቧል።»

«ሐያት፣ ሰውዬው ውሃቸው ነገ ነው። የአባትሽን የጨርቅ ወሬ አሁን አታምጪብኝ።»

ይህቺን ሲለኝ ደሜ ፈላ። በሌላ ቀን ቢሆን በረንዳው ላይ አገር ይሰማን ነበር። ግን ለመጣላት ጊዜ አልነበረንም። «እሺ፣ እለምንሃለሁ፣ አጠገቤ ቁጭ በልና ይሄን ጋዋን እይ። ከዚያ በኋላ እንዳልክ ይሁን» አልኩት። እያጉረመረመ ተቀመጠ። ሁለታችንም አንድ ነጭ ጨርቅ ላይ አፍጥጠን ሳለን ሾፌሩ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው» ብሎ ወርዶ ያየን ጀመር። ኑሩ ትሪውን በድጋሚ ሲያነሳ ፊቱን እያየሁ ነበር። «ያ ረቢ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ለሼህ ይመር የደወልኩት እኔ ነኝ። ከሐርቡ ያገኙትን ሚኒባስ ይዘው መጡ። ከትሪዎቹ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ቅጠሉን አገላበጡ። እኛ የምናየውን ቢጫ እሳቸውም አዩት። ግን ያልጠበቅኩትን ተናገሩ።

«ልጄ፣ ዝናብና ፀሐይ አያውቅም፣ ቤት ውስጥ ነው ያደገው። ትንሽ ቢገረጣ ምን ይደንቃል? መሬት ሲነካ ያገግማል። አስጭኝልኝ።»

«ሼህ ይመር፣ ምን እንደያዘው ሳናውቅ አልሰጥዎትም።»

«ውሃዬ ነገ ነው። ሰው ጠርቻለሁ። አምና ባዶዬን ቀረሁ፤ ዘንድሮም ማሳዬ ጾሙን ይደር ነው የምትይኝ?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ እሱ ነው የባሰው። «ጉዳቱ የኔ ነው። እኔ ፈቅጃለሁ።»

ኑሩ አየኝ። ዓይኑ «ስጫቸው» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልሰጣቸው ዳር ዳር ብዬ ነበር። ባለቤቱ ፈቅዷል፤ መኪናው ቆሟል፤ እኛም የሰው ፊት ከማየት እንተርፋለን። ግን ገዢው እየለመናቸው ጣቃውን መልሰው የሚደረድሩት አባዬ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

«ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ አልሰጥዎትም» አልኩ። «አንድ ሰው መጥቶ እስኪያይልን ብቻ ይታገሱኝ።»

ኑሩ አብራው የተማረች፣ በሰብል በሽታ ላይ የምትሠራ ብርቱካን የምትባል ጓደኛ አለችው። ከደሴ እስክትወርድ ድረስ የነበረውን ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ሼህ ይመር ዙሁራቸውን በረንዳችን ላይ ሰገዱ። ምሳ አቀረብኩላቸው፣ አልቀመሱም። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ወደ ሐርቡ መንገድ ያያሉ።

ብርቱካን መጣች። ቅጠሉን ጨመቀችና ጭማቂውን እንደ እርግዝና መመርመሪያ ባለች ቀጭን ነገር ላይ አንጠበጠበችው። አራታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። አንድ መስመር ወጣ። «በቃ ይሄ ብቻ ከሆነ ጤነኛ ነው» አለች። ሼህ ይመር ፊታቸው በራ፤ እኔም ትንፋሼ መለስ አለ። ከዚያ አጠገቡ ሁለተኛው መስመር ቀስ እያለ መጣ።

«ሞዛይክ ነው» አለች ብርቱካን። «ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። ከዘሩ መጥቶ ይሆናል፣ በእጃችሁም አዛምታችሁት ይሆናል። ይሄ ዝንብ እንኳን አይፈልግም፤ በእጅ፣ በልብስ፣ በመኮትኮቻ ይሄዳል፣ አፈር ውስጥም ይቆያል። ነገ ያ ሁሉ ሰው በእጁ ቢተክለው ኖሮ...» አልጨረሰችውም።

ሼህ ይመር፣ ለኛ ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ወንፈሉ ከኔ ማሳ ወደ አሊ ነው የሚያልፈው» አሉ። «ከአሊ ወደ መበለቷ ወደ ከድጃ። ያው እጅ፣ ያው መኮትኮቻ። ከድጃ የየቲም ልጆች እናት ናት።»

ተነሡ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው ሳይ ነው ቀና ያልኩት።

«እጅሽ አይንጠፍ። የወለደሽ አባት ከጀነት ደጅ አይጉደል። ከገዛ ልመናዬ የጠበቀኝ አላህ፣ አንቺን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ» አሉ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ወደ ገበሬነታቸው ተመለሱና፣ «ውሃው ግን አይለፈኝም። ነገ ማሾ እዘራለሁ፤ ማሾ ቶሎ ይደርሳል። ማሾው እስኪነሳ አንቺ ሌላ ቲማቲም አድርሺልኝ» አሉ።

«ከዚህ በኋላም ከኛ ይወስዳሉ?» አልኳቸው።

«የሌላው ሰው ችግኝ ቢታመም ማን ሊነግረኝ ኖሯል?»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ችግኙን በሙሉ ከጓሮ ጉድጓድ ምሰን አቃጠልነው። ያን ሁሉ ድካም በእሳት ሲበላ ማየት እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። ለአባዬ ስደውል ማልቀስ እንጂ ማውራት አልቻልኩም። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ ብቻ አዳመጡኝ።

በማግሥቱ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ አባዬ ናቸው። ሐረጎን በጉም ወርደው፣ ብብታቸው ሥር ጣቃ አቡጀዲ ይዘው። ሰላምታ ተለዋወጥንና «ክፍልሽ የቱ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። አልገቡም። መዶሻና ምስማር አስመጡና አቡጀዲውን ከበሩ ፊት ለፊት ባለው የደጁ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ወጠሩት።

«ከዚህ ስትወጡ መጀመሪያ ይሄን እዩ» አሉ። «እሱ ነጭ ሳይሆንላችሁ ምንም አትዩ።»

ኑሩ እጃቸውን ይዞ ሳመው። ስለ ጨርቅ ወሬው እኔም አላነሳሁበትም፣ እሱም አልረሳውም።

ክፍሉን በሳሙና አጠብነው፣ ትሪ ቀየርን፣ ዘር ቀየርን። ኑሩ ደግሞ ስለ ብርሃን ሲያነብ ከረመና አንድ ቀን እያፈረ መጣ። ለካ ተክል አረንጓዴውን ጨርሶ አይተፋውም፤ አብዛኛውን ይበላዋል። ቀዩንና ሰማያዊውን የላይኛው ቅጠል ጠጥቶ ይጨርሳቸዋል፤ አረንጓዴው ግን የላይኛውን አልፎ ጥላ ሥር ላለው ለታችኛው ቅጠል ይደርሳል። ተመልሶ ወደ ዓይናችን የሚመጣው ትንሹ ነው።

«ታዲያ ተክሉ ‹ደህና ነኝ› ወይ ‹አሞኛል› የሚለን በዚያች ትንሿ ነዋ» አልኩት። «እኛ እሷን ከልክለን ነው አፉን የዘጋነው።»

«አዎ» አለ፣ እየሳቀ። «ይሄን መጽሐፉ እንዲህ አላስቀመጠውም።»

ሰላጣ እየሸጥን አምፖሉን በየተራ አረንጓዴም ባለበት ነጭ ቀየርነው። አሁን ክፍላችን እንደ ማንኛውም ቤት ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ «ወይን ጠጁስ?» እያለ ቅር ይለዋል። እኔ ግን ስገባ ቅጠሌን ቅጠል አድርጌ አያለሁ፤ ቢገረጣ በዕለቱ አውቃለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቲማቲም ላታበቅሉ ትችላላችሁ። ግን ሁላችንም ብዙ የቆየንበት አንድ ክፍል አለን፤ የምንወደው ሥራ፣ የለመድነው ወሬ፣ የያዝነው ቂም። ከዚያ ስንወጣ የምናየው ነገር ሁሉ የዚያን ቀለም ይዞ ይጠብቀናል። እኔ ጥበበኛ ሆኜ አልተረፍኩም። አንድ ሰው በምርቃት መሐል «ዓይንሽን አሳርፈሽ?» ብሎ ስለጠየቀኝ ተረፍኩ። የሚጠይቅ ሰው ያላችሁ ስልኩን አንሡና ደውሉለት፤ ቅር ያለው ቢመስላችሁም ደውሉ። እኔ ዝምታቸውን ጥላቻ አድርጌው ነበር፤ እሳቸው ግን እስክጠይቃቸው ነበር የሚጠብቁት።

የሼህ ይመር ማሾ የተነሳ ሰሞን ሁለተኛው ችግኝ ደረሰ። ሼህ ይመር ራሳቸው ሊወስዱ መጡ። አባዬም፣ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ በዚያው ጠዋት ከደሴ ከተፍ አሉ። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ገቡ። ከነጩ መብራት ሥር ቆመው ዙሪያውን አዩ። ከመደርደሪያው አንድ ትሪ አንስተው ወደ በሩ ሄዱ።

«አባዬ፣ አሁን እኮ እዚሁም ይታያል» አልኳቸው።

እንዳልሰማ አለፉኝ። ደጅ ወጥተው አቡጀዲያቸው ፊት ቆሙና ዓይናቸውን አሳረፉ። ሼህ ይመርም ሳይነገራቸው አጠገባቸው ቆመው አቡጀዲውን ያያሉ። ከዚያ አባዬ ወደ ትሪው ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል በአውራ ጣታቸው አሸት አደረጉት። እኔ እንደ ልጅነቴ እጄን አጣጥፌ ቆሜያለሁ።

ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠቅልይለት» አሉ።